የሰገነቱ ወንድም

እኔ ጸሐይወርቅ መኩሪያ ጴንጤ አልወድም ነበር። አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አፌን ሞልቼ ነበር የምለው። በተለይ የጎፋውን ቤታችንን የተከራዩት ሰዎች ስማቸው ሲነሳ ደሜ ይፈላ ነበር። እሑድ በመጣ ቁጥር ግቢያችን ሰው ሞልቶ ይዘመርበታል ይባላል። የድሮ ጎረቤቶቻችን ዕድር ላይ ባገኙን ቁጥር «እናንተ፣ ያን የመሰለ ቤት ለማን ሰጣችሁት?» ይሉናል። ቤቱን ማየት ያቃተን እኛው ነን፤ ዝም ብሎ ከሚፈርስ ሰው ይኑርበት ብለን ነው።

ለምን ማየት እንዳቃተን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ወንድሜ ግዛው በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። የካቲት 1981 አብዮት ጥበቃዎች ከዚያ ቤት ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከሰሜን አንድ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ጭጭ። አባታችን በዓመቱ በብስጭት ሞተ። ግንቦት 83 መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ወታደር እየለመነ፣ በእግሩ እየኳተነ ወደየቤቱ ሲገባ እናቴ አረጋሽ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ክረምቱን ሙሉ ተቀመጠች። ዝናቡ ሲመታት ጃንጥላ ይዤላት እወጣለሁ። መስከረም ሲጠባ ወንበሩን ራሷ አስገባችና «ከዚህ ቤት አውጡኝ» አለች። ለቡ መብራት ኃይል ሁለት ክፍል ተከራይተን ወጣን። የጎፋውን ደግሞ ማናዬ የምትባል ከወላይታ የመጣች ሴት ከጸሎት ጓደኞቿ ጋር ያዘችው።

እናቴ መርዶ አልቀበልም ብላ ነበር። «ሲሞት ያየ የለም፣ ሲቀበር ያየ የለም፤ ማን ሞተ ብሎ ነው እኔን የሚያስለቅሰኝ?» ትላለች። ስለዚህ በቤታችን የግዛው ስም አይነሳም። ለተከራዮቹማ ወንድ ልጅ አለኝም ነበረኝም ብላ አታውቅም። እኔም አልተነፈስኩም።

ይሄ ሁሉ እስከ 1988 ቆየ። በዚያ ዓመት ደም ግፊቱ ሲበረታባት የንስሐ አባቷ መጥተው «ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር? ምነው አረጋሽ፣ የልጅሽን ነፍስ እንዲህ አንከራተትሻት» አሏት። ሦስት ቀን አልቅሳ እሺ አለች። አንድ ነገር ላይ ብቻ ሙጭጭ አለች፤ ድንኳኑ ጎፋ ካልተተከለ አይሆንም። «የወጣው በዚያ በር ነው። በዚያው በር ይለቀስለት።» ዕድራችንም ከጎፋ ስላልወጣ ማንም አልተቃወመም። ለጥር የመጨረሻው እሑድ ተቀጠረ። ታዲያ ለጴንጤዎቹ «የሚመጣውን እሑድ ግቢውን ልቀቁልን» ብሎ የሚነግራቸው ማነው? ያው እኔ ነኛ።

ማናዬ በየወሩ ኪራዩን ይዛ ለቡ ትመጣ ነበር። ቀይ፣ አጭር፣ ሲያዩዋት የምታሳዝን ሴት ናት። ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ትጀምራለች። «እህት ጸሐይ፣ አንድ እሑድ ብቻ ብትመጪ። የሰገነቱን ወንድም ብትሰሚው…» እኔ አላስጨርሳትም። «ማናዬ፣ የያዝሽውን ለእማዬ ስጪና በሰላም ሂጂ» እላታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኳት።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ያን ቤት የሸሸሁት በጴንጤዎቹ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ሌላ የማልናገረው ነገር ነበረኝ።

አባታችን ቆርቆሮ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ጆሮው ሥር ሲቀጠቀጥ ኖሮ በመጨረሻ ጆሮው እምቢ አለ። ደነቆረ ብላችሁ ግን እንዳታዝኑለት፤ ዓይኑ ተካለት። ከንፈር ያነብባል። እኔና ግዛው ከግቢው ጥግ ቆመን «ከኮቱ ኪስ ስሙኒ እንውሰድ» ብንባባል እሱ ከበረንዳው ላይ «ሞክሩና!» ይለናል። ቁጣውም ቀበቶውም ቅርብ ነበር። እኔ ዘጠኝ፣ ግዛው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነን መላ ዘየድን፤ ከንፈር የማያንቀሳቅስ ቋንቋ ፈጠርን። ስሙን ጥርስኛ አልነው።

ጥርስኛ ውስጥ መ፣ በ፣ ፈ፣ ወ የሚባሉ ድምፆች የሉም፤ ከንፈር ያጋጥማሉ ወይ ያንቀሳቅሳሉ። ሁ እና ሆ፣ ሉ እና ሎ፣ እነሱን የመሰሉ ሁሉ ክልክል ናቸው፤ ከንፈር ያሞጠሙጣሉ። የቀረን ምላስና ጥርስ፣ ጉሮሮና ትንፋሽ ነው። በዚህ ሕግ ግዛው «ጊዛ» ሆነ። እኔ «ጸሃ» ሆንኩ። አባታችን መኩሪያ ስሙ ሲጀምር ከንፈር ያስገጥማል፣ ወዲያው ደግሞ ያሞጠሙጣል፤ ስለዚህ ስም አጥቶ «ያ» ተባለ። እናቴ ብቻ ሳትነካ አለፈች። አረጋሽ ሲባል ከንፈር ከከንፈር አይገጥምም፤ መስታወት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት።

ሰዋስውም ነበረው። ድርጊቱ ይቀድማል፣ አድራጊው ይከተላል። ጥያቄ ሲሆን መጨረሻው ላይ በጥርስ መሐል «ሲ» ይባላል። ከሁሉ የምንኮራበት ግን ጊዜው ነው። ያላለቀ ነገር ትንፋሽ ወደ ውጭ እያወጡ ይነገራል፤ ያለቀ ነገር ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳቡ። ይህን ግዛው ከእናቴ ነው ያገኘው። እናቴ «አዎ» ስትል እንደ ሀገሩ ሰው ሁሉ ትንፋሿን ሳብ ታደርጋለች። «እሷ እንዲህ ካደረገች ነገሩ አለቀ ማለት ነው» አለኝ። ስለዚህ «ሺራና» ተንፍሰው ሲሉት «ይሄዳሉ» ነው፤ ስበው ሲሉት «ሄደዋል» ነው። «ኬት» ደግሞ «ውጣ»።

እናቴን አላስተማርናትም። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች «ለእኔስ ብታስተምሩኝ ምናለ?» አለች። ግዛው «ለአባዬ ትነግሪያለሽ» አላት። እሷም «እንግዲያው እንደ እባብ ስትንሾካሾኩ ኑሩ» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ጠይቃ አታውቅም።

የውትድርናው አፈሳ ሲመጣ ግዛው ሃያ፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። ከጓዳው ኮርኒስ በላይ አባታችን ጣውላ ደርድሮ ዕቃ የሚያስቀምጥበት ቦታ አለ። ግዛው እዚያ ወጥቶ ሁለት ቀን ተደበቀ። ቆርቆሮው በቀን ይግላል። እኔ ከታች ቆሜ ወደ ላይ አያለሁ፣ እሱ በኮርኒሱ መውጫ ቀዳዳ በኩል በጥርስኛ ያወራኛል። «ሃር ሃር» ይላል፤ ሞቀኝ። «ሊሃ» ይላል፤ ውሃ። በሦስተኛው ቀን ጧት አብዮት ጥበቃዎቹ አምስት ሆነው ገቡ። ቤቱን ገለባበጡ፣ አልጋ ሥር አዩ፣ ሰደቡንና ወጡ። የግቢው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከላይ ድምፁ መጣ። «ጸሃ። ሺራና ሲ? ኬት ዪ ሲ?» ሄደዋል ወይ? ልውጣ ወይ?

ስንቱ እንደወጡ አልቆጠርኩም። ትንፋሼን ሳብኩና «ሺራና። ኬት» አልኩት።

ወረደ። እግሩ መሬት ከመርገጡ ሁለቱ በክፍቱ የጓዳ በር ገብተው አነቁት። ከሽንት ቤቱ ኋላ ተደብቀው ቀርተው ኖሯል። ሲጎትቱት አንዴ ዞሮ አየኝ። በአማርኛም በጥርስኛም ምንም አላለም። እናቴ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እሱ ራሱ ሰልችቶት የወረደ መስሏት ኖረች፤ እኔም እንደዚያው ይምሰላት ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ከተዝካሩ አንድ ሳምንት በፊት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ጎፋ የሄድኩት።

በሩ ላይ ማናዬ አገኘችኝ። መምጣቴን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጌታ ይመስገን» አለች። «ለጸሎት አይደለም የመጣሁት» አልኳት። «ኃላፊያችሁን ጥሪልኝ።» «ወንድም ዱጉማ ጉባኤ እየመራ ነው፤ አሁን ያልቃል፤ ገብተሽ ጠብቂው» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለየውን ግድግዳ እናቴን አስፈቅደው አፍርሰውት አንድ አዳራሽ ሆኗል። አርባ የሚሆን ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይዘምራል። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከራሴ በላይ የጓዳው ኮርኒስ እንዳለ ነው። ቀና ብዬ ላለማየት ጉልበቴን አየሁ።

መዝሙሩ አበቃ። ጋሽ ዱጉማ ከፊት ቆሟል፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ረጅም፣ ሽበታም። እጁን አነሳና ቀስ ብሎ «የሰገነቱ ወንድማችን እየጸለየ ነው» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ከራሴ በላይ አንድ ሰው «ሃር ሃር» አለ።

ክው አልኩ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ጆሮዬን ያዝኩ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ የሽማግሌ የሚመስል፤ ቃሉ ግን ቃላችን ነው። «ሊሃ» አለ። «ሊሃ፣ ጸሃ።» ሰዎቹ «አሜን» አሉ። አንዲት ሴት አጠገቤ ተንበርክካ ታለቅሳለች። መጀመሪያ የመጣልኝ ምን መሰላችሁ? ነፍሱ ናት አልኩ። ተዝካሩ ሳምንት ቀርቶት ነፍሱ መጥታ እየወቀሰችኝ ነው አልኩ። ላማትብ እጄን አነሳሁ። ከላይ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ተሰማ።

«ሺራና ሲ? ኬት ዪ ሲ?»

«አሜን» አለ አዳራሹ በሙሉ።

እንዴት አግዳሚው ላይ እንደቆምኩ አላውቅም። አፌ ከእኔ ቀድሞ «ጊዛ» አለ። «ጊዛ። ጸሃ።» የላዩ ድምፅ በመሐል ተቆረጠ። ሰባት ዓመት በአፌ ያልዞረ ቋንቋ ነው፤ ትንፋሼን ሳብኩና «ሺራና። ኬት» አልኩ።

ከአዳራሹ «ሃሌ ሉያ» ሲባል ቤቱ ተናጋ። መንፈስ ወረደብኝ ብለው ነው። ነጠላ የለበሰች ኦርቶዶክስ ከመንገድ ገብታ በዚያው ልሳን ስትናገር ሲሰሙ ምን ይበሉ። ማናዬ ወገቤን አቅፋ ታነባለች። ያን ጊዜ ንዴቴ መጣ፤ ድንጋጤዬን የሚችል ንዴት ነበረኝ።

«ዝም በሉ» አልኩ። «ልሳን አይደለም። ወንድሜ ነው።»

ሁሉም ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ።

«ሞቀኝ ነው የሚላችሁ። ውሃ ስጡኝ ነው የሚላችሁ። ሄደዋል ወይ፣ ልውጣ ወይ ነው የሚላችሁ። እናንተ አሜን ትሉታላችሁ።»

ጋሽ ዱጉማ መጽሐፍ ቅዱሱን ወንበር ላይ አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ሱፉ፣ ሲሚንቶው ላይ። የተንበረከከችው ሴት እንደተንበረከከች ቀረች። ማናዬ ብቻ እጇን ከወገቤ ሳታነሳ «ግዴለም፣ ሁሉም ይውጣ» አለች። ሰዉ ጫማው እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ ወጣ።

ከዚያ ነገሩን ቀስ ብለው ነገሩኝ። እኛ ጎፋን በለቀቅን በሁለተኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ ነው፣ አንድ የተጎሳቆለ ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። የፊቱ ግራ በኩል ተቃጥሏል። አማርኛ ሲያወሩት አይመልስም፣ ሌላም ቋንቋ ሞከሩ፣ ዝም። ቀጥ ብሎ ወደ ጓዳው ገባ፣ መሰላሉን አገኘ፣ ወጣ። ሐኪም ቤት ወስደውት ጭንቅላቱ ውስጥ ፍንጣሪ አለ ተብሏል። በአዘቦት ቀን ይወርዳል፤ ከአጥሩ ሳይወጣ ግቢ ይጠርጋል፣ ይበላል፣ ልጆች ሲጫወቱ ያያል፤ ከአፉ ግን ቃል አይወጣም። እሑድ ብቻ፣ ብዙ ሰው በበሩ ሲገባ፣ ይወጣና ያን ቋንቋ ይናገራል።

«እኔ ነኝ ሰገነት ያልኩት» አለ ጋሽ ዱጉማ ከተቀመጠበት። «ሐዋርያት በሰገነቱ ተሰብስበው ነው የጠበቁት ይላል ቃሉ። ሰው ሲሰበሰብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማንም የማያውቀውን ቋንቋ ይናገራል። ልጄ፣ እኛ ምን እንበል? እኔ ትርጉም አልተሰጠኝም፤ ግን ስሰማው ልቤ ይነካ ነበር።»

«እኔ ልጄን ቀብሬ ነው ወደዚህ የመጣሁት» አለች ማናዬ። «እሱን ስሰማ ነው እንቅልፍ ያገኘሁት። ልነግርሽ ነበር፣ እህት ጸሐይ። በየወሩ።»

በየወሩ ልትነግረኝ ነበር። እውነቷን ነው። ምን ብዬ ልቆጣት? አብልተውታል፣ አጥበውታል፣ አልብሰውታል። ሰው ሲበዛ የሚወጣው ሊጸልይ መስሏቸው ነው፤ እሱ ግን ለአፈሳ የመጡ መስለውት ነው። እኔ ደግሞ ከለቡ ሆኜ በየእሑዱ ስረግማቸው፣ እዚህ ስሜን እየጠራ ይጠይቀኛል።

መሰላሉን ወጣሁ። ጥግ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ፊቱን ብቻ ባየው መንገድ ላይ አልፈው ነበር። «ጊዛ» አልኩት። ዓይኑ እኔን አልፎ በቀዳዳው ወደ ታች ያያል። «ሺራና» አልኩ። «ሺራና፣ ሺራና። ኬት።» ይባስ ብሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ። እንዳልያዝ ፈርቶልኝ ነው። አንዴ አምኖኝ ወርዷል፤ ሁለተኛ አይወርድም።

ለቡ ስደርስ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለተዝካሩ ምስር ትለቅማለች። መርዶ ሲነገር ሥርዓት አለው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይነግራል። አለ ብሎ ለመንገር ግን ሥርዓት ያወጣ የለም። በሩ ላይ ቆሜ «እማዬ፣ ግዛው አለ» አልኳት።

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። አልጮኸችም። «ማን አየው?»

«እኔ አየሁት። ጎፋ፣ ኮርኒሱ ላይ።»

«ታዲያ ለምን ይዘሽው አልመጣሽም?»

የፈራሁት ጥያቄ ይሄው ነበር። እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና ነገርኳት። ያን ቀን ሄደዋል ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ብለምነው እኔን አያምነኝም። እናቴ በእጇ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

«እኔ አይቻቸው ነበር» አለች።

ምን እንደምትል አልገባኝም።

«ሁለቱን። ከሽንት ቤቱ ኋላ ሲቀሩ ማድ ቤቱ በር ላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። በአማርኛ ብናገር ይሰሙኛል፤ እሱ የት እንዳለ ይገባቸዋል። በእናንተ ቋንቋ ደግሞ አላውቅም። ዓይኔን አፍጥጬ አይሽ ነበር፣ አንቺ ወደ ላይ ነበር የምታዪው። ምን ልበል? ቆሜ አየሁ። ልጄን ሲወስዱት ቆሜ አየሁ።» ነጠላዋን ከአልጋው ላይ አነሳች። «ሰባት ዓመት ሰው እንዳይነግረኝ የከለከልኩት ለምን ይመስልሻል? ሞተ ካሉኝ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል፣ አንዱን ድንጋይ ተሸክመን ኖረናል። ጫማዋን አቀረብኩላት።

ላዳ በኮንትራት ይዘን ስንሄድ መንገድ ላይ «ቃሉን አስተምሪኝ» አለች።

«ሺራና» አልኳት።

«ሺራና።» ተንፍሳ ነው ያለችው።

«እንደዚያ ከሆነ ይሄዳሉ ማለት ነው። ስበሽ በይው፤ አዎ እንደምትዪው።»

ሞከረች። ሾፌሩ በመስታወት ያየናል። ስትሞክር፣ ስትሞክር፣ ቄራን አልፈን ጎፋ ስንገባ ከእኔ የተሻለ ትለው ነበር። «ኬት»ን ወዲያው ያዘችው።

ማናዬና ጋሽ ዱጉማ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁን። ማናዬ ለእናቴ ወንበር ይዛ መጣች፤ እናቴ አላየቻትም። ወደ ጓዳው ትገባለች ስል መንገዷን ቀይራ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች። በግድግዳው ዞራ ኋላውን አየች። በአንድ በኩል አየች፣ በሌላው በኩል ዞራ አየች። ከዚያ ማድ ቤቱን ከፍታ አየች። የግቢውን በር ራሷ ዘጋች፣ መቀርቀሪያውን ጣለች። ያን ሁሉ ካደረገች በኋላ ገብታ ቀዳዳው ሥር ቆመች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፣ ትንፋሿን ሳበች።

«ሺራና። ኬት።»

እናቴ አልደገመችውም። ወደ ላይ እያየች ቆመች። ጣውላው ሲጢጥ አለ። አንድ እግር ወጣ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፤ መሰላሉን በጣቱ ፈልጎ ረገጠ። ሌላው ተከተለ። መሬት ሲደርስ ቶሎ አልዞረም፤ የሚይዘው እጅ እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስል ጀርባውን ሰጥቶን ቆየ። ማንም አልያዘውም። ዞረ።

«አረጋሽ» አለ።

በስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር፤ የሚያሳፍር ነው። በጥርስኛ ግን እናታችን ሌላ ስም የላትም። እናቴ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «አዎ» አለችው።

በቀጠሮው እሑድ ዕድርተኛው ጥቁር ለብሶ ድንኳን ተሸክሞ መጣ፤ ነገሩን ሳይሰሙ የመጡ ነበሩ። ግዛው በረንዳው ላይ ከእናቴ ጎን ተቀምጧል። አንዷ ጎረቤታችን ገና ከበሩ ሙሾ ስታወርድ ቀና ብላ ስታየው እዚያው ወደቀች፤ ውሃ ረጭተን ነው ያነሳናት። የጋሽ ዱጉማ ሰዎች የዚያን ቀን አልዘመሩም። አግዳሚያቸውን ለዕድርተኛው አውጥተው እነሱ ቆሙ።

አሁን ሁላችንም ተመልሰን ጎፋ ነን፤ እነማናዬ ፉሪ በኩል ሰፊ ቦታ አግኝተው ወጥተዋል፣ እሱን ለማየት ግን ይመጣሉ። ሰው ሲበዛ ግዛው ዛሬም ኮርኒሱ ላይ ይወጣል። እናቴ ግቢውን ዞራ፣ ኋላውን አይታ፣ ቀዳዳው ሥር ቆማ ትጠራዋለች፤ በአንድ ቃል ይወርዳል። እሷ ገበያ በሄደችበት እኔ የጠራሁት ጊዜ አለ። እንደ እሷ ዞሬ አያለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ትንፋሼን ስቤ «ሺራና» እለዋለሁ። ራሱን በቀዳዳው ያወጣል። እኔን አያየኝም፤ ከኋላዬ በሩን ያያል፣ ከዚያ ይመለሳል።